ማርጎ ማክዶናልድ፦ ያለ ፓርቲ የተመረጡት የሎቲያን ተወካይ

ማርጎ ማክዶናልድ (እ.ኤ.አ. 1943–2014) እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ ዕለተ ሞታቸው የኤድንብራ ከተማንና አካባቢዋን የያዘውን የሎቲያን ቀጣና በስኮትላንድ ፓርላማ የወከሉ፣ ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ዘመን ያለ ፓርቲ ያገለገሉ ፖለቲከኛ ናቸው። የተወለዱት በሃሚልተን ከተማ ሲሆን በሙያቸው የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበሩ።

በሰፊው የታወቁት ለስኮትላንድ ነፃነት የሚታገለውን የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ወክለው በኅዳር 1973 ለብሪታንያ ፓርላማ በተደረገው የጎቫን ማሟያ ምርጫ ባሸነፉ ጊዜ ነው። ጎቫን የግላስጎው የመርከብ ግንባታ ሠራተኞች ሰፈርና የሌበር ፓርቲ የቆየ ምሽግ ስለነበር፣ የ30 ዓመቷ እጩ ድል ብዙዎችን አስደነቀ። መቀመጫውን ግን በየካቲት 1974 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ አጡት። እስከ 1979 የፓርቲው ምክትል መሪ ሆነው ሠሩ፤ በ1982 ፓርቲው እርሳቸው አባል የነበሩበትን የግራ ዘመም ቡድን ሲያግድ ፓርቲውን ለቀው በጋዜጠኝነት ተሰማሩ።

በኋላ ወደ ፓርቲው ተመልሰው በ1999 የስኮትላንድ ፓርላማ ገቡ። ከ129ኙ የፓርላማ አባላት 73ቱ በየምርጫ ክልሉ፣ 56ቱ ደግሞ ከስምንት ሰፋፊ ቀጣናዎች ሰባት ሰባት ሆነው ይመረጣሉ። መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፤ ሁለተኛውን የሚሰጠው ለፓርቲ ዝርዝር ወይም ለግል እጩ ነው። ከፓርቲው ማን እንደሚገባ የሚወስነው በዝርዝሩ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ለእጩ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ዕጣ ፈንታውን ይወስናል። ለ2003 ምርጫ ማክዶናልድ በሎቲያን ዝርዝር አምስተኛ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ተራ የማለፍ ተስፋቸው የመነመነ ነበር። በግላቸው ለመወዳደር ሲወስኑ ፓርቲው አባረራቸው፤ ሆኖም ከ27 ሺህ በላይ ሰዎች ድምፃቸውን ሰጥተዋቸው ተመረጡ። በ2007 እና በ2011ም ሕዝቡ መልሶ መርጧቸዋል። ለፓርቲዎች ተብሎ በተቀረጸ ሥርዓት አንድ ሰው ሦስት ጊዜ በተከታታይ በስሙ ብቻ ማለፉ እጅግ ብርቅ ነው።

የፓርኪንሰን ሕመምተኛ የነበሩት ማክዶናልድ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁሉ አብልጠው የደከሙት፣ በማይድን ሕመም የሚሠቃይ ሰው ሕይወቱን ለማብቃት እርዳታ እንዲጠይቅ ለሚፈቅድ ሕግ ነው። ተቃዋሚዎች ሕጉ ደካሞችን ለግፊት ያጋልጣል ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ በታኅሣሥ 2010 በ85 ለ16 ድምፅ ወደቀ። እርሳቸው ግን ሳይታክቱ በ2013 ሁለተኛ ረቂቅ አቀረቡ።

ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ዐረፉ። የፓርቲ ቀጣና ተወካይ ሲሞት በዝርዝሩ ተከታይ የሆነው ሰው ያለ ምርጫ ይተካዋል፤ የግል ተወካይ ግን ተከታይ የለውም፤ ስለዚህ የማክዶናልድ መቀመጫ እስከ 2016 ምርጫ ድረስ ክፍት ቆየ። ረቂቁን የአረንጓዴ ፓርቲው ፓትሪክ ሃርቪ ተረክበው ለክርክር አበቁት፤ በግንቦት 2015 ደጋፊዎቹ ወደ 36 ቢያድጉም በ82 ተቃውሞ ውድቅ ሆነ።