35 በመቶው የሚያርፈው በየትኛው ብር ላይ ነው?

«ደመወዜ ከ14,000 ብር ካለፈ 35 በመቶው ይቆረጣል፤ ጭማሪው ይቅርብኝ» የሚል ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ሒሳቡ እንዲያ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣል። 35 በመቶ የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው።

15,000 የሚከፈለው ሠራተኛ 3,200 ብር ይቆረጥበታል፤ ከደመወዙ 21 በመቶ ግድም። 200,000 የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ 67,950፤ ወደ 34 በመቶ። እስከዚህ ደህና ነው። እኔን የሚከነክነኝ ጣሪያው ነው፦ ከ14,000 በላይ ሌላ እርከን ስለሌለ የሁለቱም የመጨረሻ ብር እኩል 35 ሳንቲም ይከፍላል። በዛሬው የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ 14,000 ብር የሀብታም መነሻ ነው ለማለት ይከብዳል።