የማዕድን ጉድጓድ ሙዚየም ምንድን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማውጣት እየቀረ ሲሄድ ከተዘጉት ጉድጓዶች አብዛኞቹ ተደፈኑ፤ ጥቂቶቹ ግን ተርፈው ለጎብኚ ተከፈቱ። የማዕድን ጉድጓድ ሙዚየም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከላይ የማሽን ቤቱ፣ ሊፍቱን የሚያንጠለጥለው የብረት ማማና የሠራተኛው ገላ መታጠቢያ፣ ከታች ደግሞ ዋሻው፣ ሐዲዱና የፈረሶቹ ጋጣ እንዳሉ ተጠብቀው፣ ጎብኚው ከአስጎብኚ ጋር ወርዶ ያያቸዋል።

ይህን ያህሉ ከማንኛውም የጉዞ መጽሔት ይገኛል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ግን አለ። አሮጌ ቤተ መንግሥት ተቆልፎ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ አቧራ ይጠጣል እንጂ እዚያው ይገኛል። ጉድጓድ እንዲህ አይደለም፤ ሰው ከተወው ውሃ ይሞላዋል፣ አየሩ ይመረዛል፣ ጣሪያው ይናዳል። ስለዚህ ሙዚየም የሆነ ጉድጓድ ሥራውን አላቆመም። የቀረው ከሰል ማውጣቱ ብቻ ነው። አየር ማስገባቱ፣ ውሃ ማስወጣቱ፣ የሊፍቱን ገመድ መፈተሹ፣ ጣሪያውን መደገፉ ሁሉ በየዕለቱ ይቀጥላል፤ ያውም ከከሰል ሽያጭ የሚገባ ገንዘብ ሳይኖር።

በምሳሌ ለማየት ቢግ ፒትን እንውሰድ፤ በደቡብ ዌልስ ብሌናቮን በምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ያለ ጉድጓድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብሌናቮን ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብረት የሚቀልጥባት ከተማ ነበረች፤ ከሰሉም መጀመሪያ የተፈለገው ለዚያ ነው። ቢግ ፒት በ1860 ገደማ ሥራ ጀመረ። አፉ ሞላላ ሆኖ 5 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ሁለት ፉርጎ ጎን ለጎን ማውጣት ይችል ነበር። በ1923 ከ1,300 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። በ1947 የብሪታንያ የከሰል ጉድጓዶች ለመንግሥት ሲወረሱ አብሮ ተወረሰ፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1980 ተዘጋ፤ በ1983 ደግሞ ለጎብኚ ተከፈተ። አካባቢው በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ጉድጓዱም ከ2001 ጀምሮ የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም አካል ነው።

ወደ ታች ከመወረዱ በፊት ኪስ ይራገፋል። ክብሪትና ላይተር ብቻ ቢሆን ማንም አያጉረመርምም፤ ሞባይሉም፣ ባትሪ ያለው የእጅ ሰዓትም፣ ካሜራውም ላይ ይቀራሉ። ምክንያቱ ሚቴን ነው። ከሰል ውስጥ ታምቆ የኖረ፣ ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ነው፤ ከአየሩ ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። «ሙዚየም አይደለም እንዴ፣ ስልኬ ምን ያደርጋል?» የሚል ጎብኚ መቼም አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፦ ከሰል ባይወጣበትም በብሪታንያ ሕግ ፊት ቦታው ዛሬም ማዕድን ማውጫ ነው፤ ለቱሪስት ተብሎ የሚላላ ነገር የለም።

ከዚያ ሄልሜት፣ የግንባር መብራት፣ ባትሪና ቀበቶ ይታደላል፤ ቀበቶው ላይ ደግሞ አንዲት የብረት ቆርቆሮ ትንጠለጠላለች። ሁሉም ሲደመር 5 ኪሎ ያህል ነው። እኔን የምትስበኝ ያቺ ቆርቆሮ ናት። ከታች እሳት ቢነሳ ክዳኗን ከፍቶ አፍ ላይ በመግጠም በእሷ እየተነፈሱ ይወጡባታል፤ ውስጧ ያለው ኬሚካል ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደማይገድል ጋዝ ይለውጠዋል። ይህን ጋዝ የእኛ አገር ሰው ሳያውቀው ያውቀዋል። ከሰሉ በደንብ ሳይቀላ ምድጃውን ወደ ቤት አስገብቶ፣ ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት ሳይነሳ የሚቀረው በእሱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ መስኮት የሚባል ነገር የለም። ሚቴን ሲፈነዳ በእሳቱ ከሚሞተው ባልተናነሰ ከፍንዳታው በኋላ በዋሻው የሚሰራጨው ይህ ጋዝ ይገድላል። እዚያው ዌልስ ውስጥ ሴንገኒድ በተባለ ቦታ ኦክቶበር 14 ቀን 1913 በደረሰው ፍንዳታ 439 ሠራተኞችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞተዋል። በብሪታንያ የማዕድን ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም።

የካናሪ ወፍ ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ወፏ ትንሽ በመሆኗ አተነፋፈሷ ፈጣን ነው፤ ጋዙ ሰውን ከመጣሉ በፊት እሷን ይጥላታል። እሷ ስትወድቅ ሰው ይሸሻል። ብሪታንያ ካናሪዎቹን ጡረታ አውጥታ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተካችው በ1986 ነው፤ የዘመን ጉዳይ ሲታሰብ ትናንት ማለት ነው። ከወፏ በፊት የነበረው ፋኖስ ነው። ሀምፍሪ ዴቪ በ1815 የሠራው ፋኖስ እሳቱ በቀጭን የሽቦ ወንፊት የተከበበ ነው፤ ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚያበርደው ነበልባሉ ወጥቶ ውጭ ያለውን ጋዝ አያቀጣጥለውም። ጋዝ ሲበዛ ደግሞ የነበልባሉ ቅርጽና ቀለም ይለወጣል። ስለዚህ ፋኖሱ ያበራልም፣ ያስጠነቅቃልም።

ሊፍቱ ወደ 90 ሜትር ይወርዳል፤ ጉብኝቱ 50 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከታች የሚጠብቀው ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው ሰፊ ዋሻ አይደለም። በብረት ቅስት የተደገፈ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ጣሪያው አንዳንድ ቦታ ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ጎብጦ ይሄዳል፤ ሄልሜቱ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። በመንገዱ ላይ ከባድ የእንጨት በሮች አሉ። እንደኔ እንደኔ ከጉብኝቱ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ በሮች ጋ ያለው ነገር ነው።

አየር በጉድጓድ ውስጥ ወደሚቀለው መንገድ ይሄዳል፤ ካልተገራ በአጭሩ ገብቶ በአጭሩ ይወጣል እንጂ ሰው ወደሚቆፍርበት ጫፍ አይደርስም። በሮቹ አየሩን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዱታል። ስለዚህ ሁልጊዜ መዘጋት አለባቸው፤ ፉርጎ ሲያልፍ ብቻ ይከፈታሉ። ድሮ ከፋቾቹ ሕፃናት ነበሩ፤ 6 ዓመት ያልሞላቸው ሳይቀሩ። ከበሩ ኋላ ተቀምጠው ገመድ ይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መብራት፣ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ። በ1842 ለብሪታንያ ፓርላማ በቀረበው ሪፖርት ውስጥ በዮርክሻየር በር ትከፍት የነበረች ሣራ ጉደር የምትባል የ8 ዓመት ልጅ ቃል ተመዝግቧል፤ መብራት ሲኖራት አንዳንዴ እንደምትዘፍን፣ በጨለማው ግን መዝፈን እንደማትደፍር ትናገራለች። አስጎብኚው እዚህ ሲደርስ ሁሉም የግንባር መብራቱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ከምድር በላይ እንዲህ ያለ ጨለማ አይገኝም፤ ዓይን ሲለምድ የሚታይ ነገር የለም፣ ምክንያቱም የሚለመድ ብርሃን የለም። በዚያው በ1842 የወጣው ሕግ ሴቶችና ልጃገረዶች፣ 10 ዓመት ያልሞላቸው ወንዶች ልጆችም ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። 10 የሞላው ወንድ ልጅ እንግዲህ «አዋቂ» ሆኖ ቀጠለ ማለት ነው።

ፈረሶቹም ነበሩ። በ1913 በብሪታንያ ጉድጓዶች ውስጥ 70,000 ያህል ፈረስ ፉርጎ ይጎትት ነበር። ቢግ ፒት ላይ ጋጣዎቹ እዚያው ከመሬት በታች ናቸው፤ ከየጋጣው በላይ የፈረሱ ስም ተሰቅሏል። ማሽን ሲመጣ አብዛኞቹ ወጡ፤ የመጨረሻው ግን ከብሌናቮን ብዙም ከማይርቅ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ጡረታ የወጣው በ1999 ነው።

ጉድጓድን ሙዚየም አድርጎ ማቆየት ለምን ውድ እንደሆነ የሚያስረዱ ሁለት ታሪኮች አሉ። አንደኛው የሃርትሊ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ያለው ይህ ጉድጓድ መውጫው አንድ ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 1862 የውሃ መሳቢያው ማሽን ግዙፍ የብረት ምሰሶ ተሰብሮ ወደ ጉድጓዱ ወደቀና መውጫውን ዘጋው፤ 204 ወንዶችና ልጆች ሞቱ። በዚያው ዓመት እያንዳንዱ የከሰል ማውጫ ሁለት መውጫ እንዲኖረው ሕግ ወጣ። ዛሬ ሙዚየሙም ሁለተኛ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ቱሪስት የማያየውን መንገድ ዓመቱን ሙሉ ክፍትና ደህና አድርጎ መጠበቅ የሱ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው የቻተርሊ ዊትፊልድ ነው፤ እሱም እንግሊዝ ውስጥ፣ ስቶክ ኦን ትሬንት አጠገብ። በ1977 ተዘግቶ በ1979 ሙዚየም ሆነና ሰው ወደ እውነተኛው ዋሻ መውረድ ጀመረ። ነገር ግን ውሃው እንዳይሞላው የሚያደርገው የጎረቤት ጉድጓድ ፓምፕ ነበር። ጎረቤቱ ሲዘጋ ፓምፑም ቆመ፣ ዋሻውንም መተው ግድ ሆነ። በምትኩ ወደ ላዩ ተጠግቶ አስመስለው ሌላ ሠሩ፤ ሙዚየሙ ግን በ1993 ተዘጋ። የጀርመኑ የሩር አካባቢ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። የመጨረሻው ጉድጓድ ፕሮስፐር ሃኒየል በዲሴምበር 2018 ሥራ ቢያቆምም ፓምፕ መቆም አይችልም፤ ከሰሉ ከሥሩ ስለወጣ መሬቱ አንዳንድ ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ሰምጧል፣ ውሃ ማውጣት ቢቆም ሰው የሚኖርባቸው ሠፈሮች በውሃ ይዋጣሉ። ይህን ወጪ ማብቂያ የሌለው ሥራ ብለው መዝግበው ገንዘቡን የሚሸፍን ድርጅት አቋቁመውለታል።

ስለዚህ አስመስሎ መሥራት የተለመደ ነው፤ አስመስሎ የተሠራ ሁሉ ደግሞ መናኛ አይደለም። ቦኹም ያለው የጀርመን ማዕድን ሙዚየም በ1930 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከሥሩ 20 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ዋሻ ከሰል ወጥቶበት የማያውቅ፣ ለማሳያ የተቆፈረ ነው። 1,200 ሜትር እየወረዱ ያሉ የሚያስመስል ሊፍት ሳይቀር አለው። ማሽኖቹን ለማየት ከቢግ ፒት እሱ ይሻላል፤ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ያስረዳል። ኪስ የማያስራግፍ ጉድጓድ ግን አይከብድም፤ እኔ ምርጫ ካለኝ እውነተኛው ውስጥ ብርድ ቢቆፍነኝ ይሻለኛል።

እውነተኛ ከሚባሉት ሌሎቹን በአጭሩ፦ በእንግሊዝ ዌክፊልድ አጠገብ ካፕሃውስ አለ፤ 140 ሜትር ይወርዳል። ቤልጂየም ውስጥ ብሌኚ ማይን በ1980 ተዘግቶ አሁን በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ፖላንድ ዛብዤ ከተማ ያለው ጊዶ 320 ሜትር ላይ መጠጥ ቤት አለው፤ ማን እንዳሰበው እንጃ እንጂ ጥሩ አስቧል። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ለሚኖር ወገን ደግሞ ሁለቱ በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። የፔንስልቬንያው ስክራንተን ጉድጓድ በ1966 ተዘግቶ ከ1985 ጀምሮ ይጎበኛል፤ በዌስት ቨርጂንያ የቤክሊው ከ1962 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ድሮ ሠራተኛ ይመላለስበት በነበረው ዓይነት ዝቅተኛ ባቡር ይገባበታል።

ቢግ ፒትን ልዩ ያደረገው ለረጅም ዓመታት አስጎብኚዎቹ የቀድሞ ማዕድን ሠራተኞች መሆናቸው ነው። እዚያ ያለ ሰው ስለ 1984ቱ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ሲጠየቅ ከመጽሐፍ አይመልስም፤ ዓመት ያህል ያለ ደሞዝ ከቆዩት አንዱ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ብሪታንያ የመጨረሻውን ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ኬሊንግሊን በዲሴምበር 2015 ዘግታዋለች። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ሠራተኛ አልወጣም፤ ያሉት በዕድሜ እየገፉ ነው። ፓምፕ በገንዘብ ይተካል። ጣሪያው ሲንሿሿ ሰምቶ «ይህ ምንም አይደለም» ወይም «ውጡ» ለማለት የሚችል ሰው ግን የሚሠለጥነው እዚያው እየሠራ ነበር፤ ሙዚየሞቹ አሁን ራሳቸው ማሠልጠን ጀምረዋል።

መሄድ ለሚፈልግ፦ ከታች ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉም እርጥብና ወጣ ገባ ነው፤ በበጋ ቢሆንም ሹራብና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ቢግ ፒት ላይ ቁመቱ 1 ሜትር ያልሞላ ልጅ አይወርድም፤ ቀበቶውና ሄልሜቱ አይገጥሙትማ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ላይ ባለው ክፍል ብዙ የሚያየው አለ፤ በተለይ በ1939 የተሠራውን ገላ መታጠቢያ። ከዚያ በፊት ሠራተኛው ጥላሸቱን ተሸክሞ ቤቱ ይገባና ሚስቱ ባሞቀችው ውሃ ምድጃ ዳር በገንዳ ይታጠብ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሦስት ወንድ ካለ የሴቲቱ ፈረቃ ከእነሱ ይበልጣል።