ሰውየው ውሃውን ተሻገረ ወይስ ገባበት?

እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ፣ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን አንድ ፎቶ አነሳ። ኮፍያ ያደረገ ሰው ያቆረ ውሃ ሊሻገር ወደ ቀኝ ዘሏል። ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ፊቱ አይለይም። ይህን ፎቶ ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የሚነሱ ነገሮች አሉ።

«ፎቶ አንሺው ምን ማለት እንደፈለገ ማወቅ ነው ዋናው።»
ካርቲዬ-ብሬሶን ራሱ ሰውየው ሲዘል እንዳላየው ተናግሯል። ሌንሱን በአጥር ሳንቃዎች መካከል አሾልኮ ነው ያነሳው፤ ዕድል ነው ባይ ነው። ስለዚህ የሰውን ልብ ከመመርመር ፎቶውን መመርመር ይሻላል። ከኋላ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እዩ፤ አንድ ዳንሰኛ እየዘለለ ነው፣ እሱ ግን ወደ ግራ። አንዱ ለጥበብ ይዘላል፣ ሌላው ጫማው እንዳይርስበት። ከታች ደግሞ ውሃው የሰውየውን ዝላይ ገልብጦ ይደግመዋል። ይህን ሁሉ ማንም አላቀነባበረውም፤ ግን ፎቶው ውስጥ አለ፣ እናነበዋለን።

«ታላቅ ፎቶ አንሺ ፎቶውን አይቆርጥም።»
ካርቲዬ-ብሬሶን መቁረጥ እንደማይወድ የታወቀ ነው። ይህኛውን ግን ቆርጦታል፤ ክፍተቱ ለሌንሱ ስለጠበበ በግራ በኩል ሳንቃው ገብቶበት ነበር።

«ወሳኟ ቅጽበት ማለት ሁሉ ነገር ልክ የሚገጥምባት ሰከንድ ናት።»
«ወሳኟ ቅጽበት» የሚለው ስም የመጣው በ1952 ከወጣው የካርቲዬ-ብሬሶን መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ርዕስ ነው። የፈረንሳይኛው ርዕስ ሌላ ነው፤ በጥድፊያና በስርቆሽ የተነሱ ምስሎች እንደ ማለት። ቃሉ ፈቃድ ሳይኖራቸው መንገድ ላይ ለሚሸጡ ነጋዴዎችም ይነገራል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ጠቅልሎ የሚፈተለከውን ልጅ አስቡት። ለእኔ ይህኛው ርዕስ ይበልጥ ያሳምነኛል።

«መንገድ ላይ የተነሳ ፎቶ ሁሉ እንዳጋጣሚ የተገኘ ነው።»
አይደለም። ሌላው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ሮበርት ዱዋኖ በ1950 ለላይፍ መጽሔት ያነሳቸው፣ በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ የሚሳሳሙት ጥንዶች፣ እንዲሳሳሙ የተጠየቁ የቲያትር ተማሪዎች ነበሩ። ጉዳዩ ይፋ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

«ሰውየውማ ወድቋል!»
ቤታችን ውስጥ ትልቁ ጠብ ይህ ነው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኬን አስጠግታ ካየች በኋላ «ካልሲው ርሷል፣ አለቀ» ብላ ፈረደች። ወንድሜ ደግሞ «እንዲህ የሚዘል ሰው አይወድቅም» ይላል። እኔ ሞገዱን አሳየኋቸው። ውሃው የተረበሸው ከበስተኋላው በተጋደመው መሰላል ዙሪያ ነው፤ አሁን ገና ከዚያ ላይ መነሳቱን ይናገራል። ከተረከዙ ሥር ግን ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። ከየት እንደመጣ ምስክር አለን፣ የት እንዳረፈ ግን የለንም።

አክስቴ ስልኩን መለሰችልኝ። «እሺ» አለች፣ «ግን ርሷል።»