ማሽኑ አዲስ ነው፤ ናሙናውስ? ስለ ክሮማቶግራፊ ዕቃዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲንና የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ዕቃቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ «ላብራቶሪው ምን ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መልሱ ተመሳሳይ ነው። ትልቁ፣ አዲሱ፣ ስክሪኑ ሰፊ የሆነው ይገዛ! እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። ምክንያቴን ለማስረዳት በየላብራቶሪው የሚሰሙ አንዳንድ አባባሎችን ላንሳ።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ክሮማቶግራፊ የተቀላቀለን ነገር መለያያ ዘዴ ነው። ናሙናው ኮለም በሚባል ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ አንዱ ቶሎ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል። መሣሪያው የወጣውን ሁሉ እንደ ጉብታ ይስለዋል። ፒክ የሚባለው ይህ ነው። በፈሳሽ የሚሠራው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ፣ በጋዝ የሚሠራው ጂሲ ይባላል። የመድኃኒት ጥራት፣ በምግብ ላይ የቀረ ፀረ ተባይ፣ የሻጋታ መርዝ፣ ሁሉም በዚህ ይለካል።

«ማሽኑ ከመጣ ሌላው ቀላል ነው»

ቀላሉስ ማሽኑ ነው። ከባዱ ከማሽኑ በፊት ያለው ሥራ ነው።

በርበሬን እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 የተባለ የሻጋታ መርዝ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በኩንታል ሲሰላ ግማሽ ሚሊግራም ይሆናል። ያቺ ግማሽ ሚሊግራም ደግሞ በጆንያው ውስጥ እኩል አትበተንም። ሻጋታ የያዛቸው ጥቂት ዛላዎች ላይ ተከማችታ፣ የቀረው በርበሬ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ የላከ ሰው ምን ላከ? ዕድሉን ላከ። ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚለካው ያቺን እፍኝ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ አሰልቺ ነው። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሐልም ከሥርም ጥቂት ጥቂት ይወሰዳል። አንድ ላይ ይቀላቀላል። የተሰበሰበው በሙሉ አልሞ ይፈጫል። ከዚያ እየተከፈለ ይቀነሳል። በአፍላቶክሲን ምርመራ ትልቁ ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ መሆኑን የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ግን የግዢ ዝርዝር ላይ ጥሩ ወፍጮ የሚያስገባ ስንቱ ነው? ወፍጮ ለምርቃት ፎቶ አይመችም መሰለኝ።

ከወፍጮው በኋላ ቀለሙና ዘይቱ ይመጣል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኤል ትስቬት ይህን ዘዴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲፈጥር ሊለያይ የፈለገው የቅጠልን ቀለም ነበር። የእሱ ግብ የነበረው ቀለም ለእኛ ዋናው እንቅፋት ሆነ። የበርበሬ ቅላት ሳይጸዳ ከገባ ኮለሙን ያበላሻል፣ ፒኩንም ይሸፍናል። ለአፍላቶክሲን የተለመደው መፍትሔ ፀረ እንግዳ አካል የተሞላ ትንሽ ማጽጃ ኮለም ነው። መርዙን ብቻ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል።

ለፀረ ተባይ ደግሞ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ኬቸርስ የሚባለው ዘዴ አለ። ለ10 ግራም ናሙና 10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል የሚባል ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ)፣ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 1 ግራም ጨው ይበቃል። በደንብ ይናጣል፣ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ይህ ለአትክልትና ለፍራፍሬ የታሰበ ነው። እንደ በርበሬ ላለ ደረቅ ነገር ናሙናው ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበታል። ቀለሙን ለመምጠጥ የካርቦን ዱቄት መጨመርም ይቻላል፤ ግን ካርቦኑ ቀለም ብቻ አይመጥም። ሞለኪውላቸው ጠፍጣፋ የሆኑ አንዳንድ ፀረ ተባዮችንም አብሮ ይወስዳል። «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲመጣ አንዳንዴ ነገሩ ያለው ማጽጃው ውስጥ ነው። ለዚህ ነው መጠኑ የታወቀ መርዝ ናሙናው ላይ ጨምሮ፣ ስንት እጁ ተመልሶ እንደተገኘ ማየት ግዴታ የሆነው።

«ፓምፑ ከካርቶን ሲወጣ ጀምሮ ደካማ ነው»

ይህ አባባል የደጋ ላብራቶሪዎች ሁሉ ነው። ሮታቫፕ፣ ማለትም ፈሳሹን በቫኪዩም አትንኖ ናሙናን የሚያጠራቅመው መሣሪያ ይተከላል። የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ ቀስት ወደ −1 ባር መሄድ ሲገባው −0.75 አካባቢ ይቆማል። ወዲያው ለሻጩ ስልክ ይደወላል፦ «ፓምፑ ደክሟል!»

ፓምፑ ደህና ነው። ደሴ በጦሳ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ራሱ 750 ሚሊባር አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 1,013 ነው። ቀስት ያለው ተራ ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር ምን ያህል እንደተቀነሰ ነው። 750 ካለህ ከ750 በላይ መቀነስ አትችልም። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ፣ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ የአየሩም ግፊት ወደ 810 ሚሊባር ይጠጋል። ያው ፓምፕ፣ ያው ጌጅ፣ ሌላ ንባብ።

ነገሩ ከጌጅ ያልፋል። ባሕር ጠለል ላይ የተጻፈ መመሪያ «ሜታኖሉን በ−600 ሚሊባር አትንን» ይላል እንበል። እዚያ የሚቀረው ግፊት 413 ሚሊባር ነው፤ ሜታኖል በዚህ ግፊት ከ40 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ በእርጋታ ይፈላል። ደሴ ላይ −600 ስታደርገው የሚቀረው 150 ብቻ ነው። ሜታኖሉ በክፍል ሙቀት መፍላት ይጀምራል። ታዲያ 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የተነከረው ብልቃጥ ምን ይሆናል? ይገነፍላል፣ ናሙናህም ተኑን ወደሚያቀዘቅዘው ኮንደንሰር ይረጫል። ስለዚህ ፍጹም ግፊትን (ከዜሮ ጀምሮ የሚቆጠረውን) የሚያነብ ዲጂታል ጌጅ ይገዛ። መመሪያውም ወደ ፍጹም ግፊት ተቀይሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

«በፈላ ውሃ ውስጥ አቆየው» ለሚል መመሪያም እንዲሁ ነው። የደሴ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ የኮምቦልቻው 94 ገደማ ላይ ይፈላል። 100 ዲግሪ ካስፈለገ የብረት ብሎክ ማሞቂያ ይሻላል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ብልቃጥ እንዳይረሳ።

«ጂሲ-ኤምኤስ ካለ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታወቃል»

አይታወቅም። ኤምኤስ ከጂሲው የወጣውን በሞለኪውሎቹ ክብደት የሚለይ ተቀጥላ መሣሪያ ነው። ጂሲ ግን የሚያየው ሳይበላሽ ሊተን የሚችለውን ነገር ነው። የወንዙን ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አለ፤ አቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም አይሲፒ ይባላል። ብዙ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብረቶቹ ስለሆነ፣ ይህ ሳይጣራ ጂሲ ተገዝቶ ሲያበቃ የሚመጣው ቅሬታ ከባድ ነው። ሊተን ለሚችለውም ቢሆን፣ መጠኑን ለመናገር የዚያው ነገር ንጹሕ ማወዳደሪያ፣ ስታንዳርድ የሚባለው፣ ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩ ቤተ መጻሕፍት «ይህን ይመስላል» ይልሃል። ምስክር ነው፣ ዳኛ አይደለም።

«ግፊቱ ከፍ ያለው ይሻላል»

የተለመደው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ እስከ 400 ባር ይሠራል። አዲሱ ዩ.ኤች.ፒ.ኤል.ሲ 1,000 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በኮለሙ ውስጥ የታመቀው ዱቄት ቅንጣቱ ከ2 ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ በፍጥነትም በጥራትም ይለያል፣ ሶልቨንትም ይቆጥባል። ይህ እውነት ነው። ግን ያ ጠባብ ኮለም በቶሎ ይደፈናል። ናሙናውም ሶልቨንቱም በ0.2 ማይክሮን ካልተጣራ፣ ውዱ ኮለም የሁለት ቀን ዕቃ ሊሆን ይችላል። «ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው» ብሎ ማጣሪያ መዝለልም ያው ነው፤ ዓይን 1 ማይክሮን አያይም። በሳምንት ጥቂት ናሙና ለሚሠራ ላብራቶሪ የእኔ ምርጫ 400 ባሩ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለማጣሪያና ለትርፍ ኮለም ይሁን።

«ውሃው ዲስትልድ ነው፣ ይበቃል»

ለባትሪ ይበቃል። ለኤች.ፒ.ኤል.ሲ የሚፈለገው ንጽሕናው በኤሌክትሪክ መቋቋም ሲለካ 18.2 ሜጋኦም·ሴንቲሜትር የሚደርስ ውሃ ነው። ዲስትልድ ውሃ አብረውት የሚተኑ ኦርጋኒክ ነገሮችን ይዞ ይወርዳል። ጄሪካን ውስጥ ሲሰነብት ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ከዚያ ባለቤት የሌለው ፒክ ይመጣል፣ ሰውም ማሽኑን ይጠረጥራል።

«ሂሊየም ካጣን ጂሲ ቆመ»

ናሙናውን በጂሲ ኮለም ውስጥ የሚነዳው ጋዝ ሂሊየም ውድ ነው፣ ሲጠፋም ይጠፋል። ለብዙ የጂሲ ሥራ ግን ናይትሮጅን ወይም ሃይድሮጅን ይተካዋል። ሃይድሮጅን ከውሃ የሚያመርት ትንሽ ጄኔሬተርም ይሸጣል። አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ሊቀጣጠል ስለሚችል ጠቋሚ ሴንሰር አይቀርም። ከኤምኤስ ጋር ሲሆን ግን ተኳሃኝነቱን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

«መብራት ቢሄድ ጄኔሬተር አለን»

ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጊዜ ነው ችግሩ። የኤምኤስ ቫኪዩም አንዴ ከወደቀ ተመልሶ እስኪረጋ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሌሊት ይፈጃል። ኤች.ፒ.ኤል.ሲ ላይ ደግሞ ፓምፑ ሲቆም ጨዋማው፣ ለምሳሌ ፎስፌት ያለበት፣ ፈሳሽ ውስጡ ይቀራል። ሲደርቅ ክሪስታል ሆኖ የፓምፑን ፒስተንና «ሲል» የሚባለውን ማሸጊያ ይቧጭራል። «እንጠበው» ብለህ በቀጥታ አሴቶናይትራይል ከለቀቅክበት ፎስፌቱ እዚያው ይረጋል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሶልቨንት። ስታቢላይዘር ከዚህ ሁሉ አያድንም፤ የሚያድነው መብራት ሲሄድ ወዲያው በባትሪ የሚተካ፣ በቂ አቅም ያለው ዩፒኤስ ነው።

«ከተገዛ ወጪው አለቀ»

እንዲያውም አሁን ተጀመረ። ከኮለሙ የሚወጣውን በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያየው የዩቪ ዲቴክተር መብራት 2,000 ሰዓት ገደማ ይሠራል። የፓምፑ ሲልም ኮለምም ያልቃል። አሴቶናይትራይል የሌላ ኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ስለሆነ፣ በ2008 እና 2009 (እ.ኤ.አ.) ያ ኢንዱስትሪ ሲቀዘቅዝ በዓለም ዙሪያ ጠፍቶ ነበር። ብዙዎች ወደ ሜታኖል ዞሩ። ሜታኖል ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ስለሚወፍር የፓምፑ ግፊት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ዘዴው እንደገና መፈተሽ አለበት።

ለአፍላቶክሲን የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ብርሃን ሲያርፍባቸው መልሰው የሚያበሩ ነገሮችን የሚያየው ፍሎረሰንስ ዲቴክተር ብቻውን አይበቃም። ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች ቢ1 እና ጂ1 ውሃ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ብርሃናቸው ይደክማል። ስለዚህ ከኮለሙ በኋላ በዩቪ መብራት ወይም በብሮሚን የሚያጎላቸው ተጨማሪ ዕቃ ይገጠማል። ጨረታው ላይ ካልተጻፈ ሻጩ አያመጣውም፤ ለብቻው ሲታዘዝ ደግሞ የግዢው ሂደት ከሀ ይጀምራል።