ሰያፍ ቅድ ምንድን ነው? ዘንበል ያለ ሁሉ ሰያፍ አይደለም

የቀሚሴ ቀጭን ማንገቻ እየተጠማዘዘ አስቸገረኝ ላለ ሁሉ «በሰያፍ ቅደደው» የሚል መልስ ይጎርፍለታል። መልሱስ ልክ ነበር፤ የሚያናድደው ከሥሩ የሚከተለው ማብራሪያ ነው፦ «ጨርቁን ትንሽ ዘንበል አድርጎ መቁረጥ ይበቃል።» አይበቃም! እንዲያውም ትንሽ ዘንበል ያለው ከቀጥታው ቅድ ይብሳል።

ሰያፍ የሚባለው ከድሩም (በጨርቁ ቁመት ከሚሄደው ክር) ከማጉም (በወርዱ ከሚሻገረው ክር) እኩል ርቆ በ45 ዲግሪ የሚሄደው መስመር ነው። የሱቅ ተጣጣፊ የብረት በርን አስቡት። የተጠላለፉት ዘንጎች ድርና ማግ ናቸው እንበል። አንዱን ዘንግ በርዝመቱ ቢስቡት አይለጠጥም፤ በሩን ወደ ጎን ሲስቡት ግን ሁሉም ዘንግ እኩል ይንቀሳቀስና በሩ ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጥራል። በሰያፍ የተቀደደ ጨርቅም ሲሳብ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። በ30 ዲግሪ ከተቀደደ ግን ጭነቱ ወደ አንዱ ወገን ዘንግ ያደላል፤ ማንገቻው ይጠመዘዛል፣ ካውያም አያቃናውም።

መስመሩን ለማግኘት አንድ የማግ ክር መዝዛችሁ ጫፉን አስተካክሉ፤ በድሩ በኩል ያለውን የጨርቁን ጠርዝ አጥፋችሁ በማጉ ልክ ስታስተኙት እጥፋቱ ራሱ 45 ዲግሪ ነው።

5 ሚሊሜትር ገደማ ለሚሆን የሳቲን ማንገቻ 3 ሴንቲሜትር ስፋት ቅደዱ። ፊቱን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከእጥፋቱ 6 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ፣ በ2 ሚሊሜትር የስፌት ርዝመት፣ ጨርቁን በእጅ ለጠጥ እያደረጋችሁ ስፉ። ሳይለጠጥ የተሰፋ ክር ማንገቻው ሲሳብ ይበጠሳል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሴንቲሜትሮች ከ6 ሚሊሜትሩ ሰፋ አድርጋችሁ ስፉ፣ አለበለዚያ መገልበጡ አይጀመርም። ትርፉን ወደ 4 ሚሊሜትር ከርክሙ፤ ጨርሳችሁ አታንሱት፣ ማንገቻውን ሞላ የሚያደርገው እሱ ነው። ለመገልበጥ መርፌ ላይ የተሰካ ጠንካራ ክር በሰፊው ጫፍ ላይ አስራችሁ መርፌዋን በዓይኗ በኩል ወደ ማንገቻው ውስጥ አስገቡ፤ በሹሏ ከገባች መንገድ ላይ ጨርቁን ትወጋለች።

ስለ ሸማ ማንም አልጠየቀም፣ ግን ልጨምር፦ በእጅ የተሸመነ ሳሳ ያለ ሸማ ብሎኖቹ እንደላሉበት ያ ተጣጣፊ በር ነው፤ በሰያፍ ሲቀደድ መጠን የለሽ ይለጠጣል፣ ጫፉም ይተረተራል። ለሱ ቀጥታ ቅድና ስስ ገበር ይሻላል። ከባድ ቀሚስም የሰያፍ ማንገቻን ያስረዝማል፤ ስለዚህ ማንገቻውን በእንፋሎት አርጥባችሁ፣ ወጠር አድርጋችሁ በመርፌ ቁልፍ ይዛችሁ አድርቁት፤ ርዝመቱን የምትቆርጡት ቀሚሱ ተለብሶ ሲለካ ነው።