«ካልተቆጡት አይጠነክርም» እና ሌሎች ከሜዳ ዳር የምሰማቸው ነገሮች

«ኮች፣ ቆንጠጥ አድርግልኝ እንጂ!» የሚለኝ ወላጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ልጁን ሊያስመዘግብ ይመጣል፣ ስለ ማሊያና ስለ ሰዓት ይጠይቃል፣ ሊሄድ ሲል ይቺን አደራ ጣል ያደርጋል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ ነው። ታዳጊዎችን ሳሰለጥን ስለ ኳስና ስለ ልጅ ጠባይ የምሰማቸውን የተሳሳቱ እምነቶች አንድ ቀን ጽፌ ልገላገል ብዬ ነበር፤ ይኸው። የመጀመሪያው ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ስለሆነ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

«ልጅ ካልተቆጡትና ካልሰደቡት አይጠነክርም»

ይህን የሚሉት ወላጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባልተናደድኩ። አሰልጣኞችም ይሉታል፤ ያውም ላይሰንስ ያላቸው። «እኛ በጥፊ ነው ያደግነው» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። እሺ፣ በጥፊ አድገው ተጫዋች የሆኑ አሉ። በጥፊው ምክንያት ኳስ የተዉትንስ ማን ቆጠራቸው? እነሱ ዛሬ ሜዳ ዳር ቆመው አይመሰክሩም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። የ11 ዓመት ልጅ ኳስ ሊያቀብል ሲል ይቀማል፣ ጎል ይገባል። አሰልጣኙ «ደንቆሮ! ዓይን የለህም?» ብሎ ይጮኻል። ልጁ ከዚህ ምን ተማረ? ከማቀበሉ በፊት ቀና ብሎ ማየትን? በፍጹም። የተማረው መደበቅን ነው። ከዚያ በኋላ ኳስ እንዳይደርሰው ከተጋጣሚ ጀርባ ይቆማል፤ ከደረሰውም ሳያስብ ወደ ውጭ ይለጋል፤ ለግቶም ዞሮ የአሰልጣኙን ፊት ያያል። ይቺን ዞሮ ማየት ልብ በሏት። ኳስ በነካ ቁጥር ወደ አሰልጣኙ የሚያይ ልጅ እየተጫወተ አይደለም፤ ፈቃድ እየለመነ ነው።

ከሌላ ቡድን ወደ እኔ የመጣ ልጅ ነበር። ፈጣን ነው፣ ሁለቱንም እግሩን ይጠቀማል፤ ግን አንድም ቀን አብዶ ሲሞክር አላየሁትም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ከተቀማሁ ያስወጡኛላ» አለኝ። ችሎታ አልጎደለውም። ሒሳብ ነው የሠራው፣ በነበረበት ቡድን ደግሞ ሒሳቡ ትክክል ነበር።

ይህ የእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጆች አሰልጣኞችን ሜዳ ድረስ ሄደው አጥንተዋል፤ እያንዳንዱ አሰልጣኝ ስህተት ሲያይ ምን እንደሚል፣ ጥረት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እየተከታተሉ መዘገቡ። ያጠኑት ቤዝቦል ነው፤ የኛው ልጅ ደግሞ ኳሱን በእግሩ ስለሚመታ ሌላ ፍጡር አይሆንም። አንደኛ ያገኙት ነገር፣ አሰልጣኙ ሜዳ ላይ የሚያደርገውን ከራሱ ከአሰልጣኙ ይልቅ ልጆቹ በትክክል ይናገራሉ። «እኔ እኮ አልጮኽም» የሚሉኝ ባልደረቦቼ ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ሁለተኛ፣ ልጅ ሲሳሳት እንዲያበረታቱትና እንዲያርሙት ከሠለጠኑ አሰልጣኞች ጋር የተጫወቱ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ አለ፤ ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት መጀመሪያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያዩ የነበሩት ናቸው። በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ደግሞ ሥልጠናውን ካልወሰዱ አሰልጣኞች ዘንድ 26 በመቶ ልጆች በቀጣዩ ዓመት አልተመለሱም፤ ከሠለጠኑት ዘንድ የቀሩት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማሸነፍና በመሸነፍ ሁለቱ ወገኖች አልተበላለጡም። ጩኸቱ ዋንጫም አላመጣም ማለት ነው።

ታዲያ ልጁ ሲሳሳት ምን ይደረግ? ጨዋታው ይቀጥል፤ በስሙ እየጠራችሁ አትከተሉት። ኳስ ስትቆም ጠጋ በሉና አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ንገሩት፦ «ለእሱ ማቀበልህ ልክ ነው፤ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ግን ዞር ብለህ እይ።» ሐሳቡ ልክ እንደነበር ሰማ፣ ቀጥሎ የሚያደርገውንም አወቀ። ከዚያ ያንኑ ነገር በቶሎ ደግሞ እንዲሞክር ዕድል ስጡት። በራስ መተማመን የሚባለው ነገር የሚመጣው ያበላሸውን ራሱ ሲያስተካክል ነው፤ በንግግር አይመጣም። ደግሞ ለስላሳ ነኝ እንዳትሉኝ። አርፍዶ የመጣ ልጅ፣ አጥቂም ይሁን በረኛ፣ ጨዋታውን አይጀምርም። ጓደኛውን የሰደበ ወጥቶ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ድምፄን ሳልጨምር አደርገዋለሁ፤ ልጆቹም ሕጉን ከኔ በላይ ያውቁታል።

«እንግዲያው ሁሌ ማሞገስ ነዋ!»

እሱም አይደለም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት «ብልህ ነህ» ተብለው የተሞገሱ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ሲናገሩም ከፍ አድርገው የዋሹ ብዙ ናቸው። «ጥሩ ጥረሃል» የተባሉት ግን ገፉበት። ሜዳ ዳር ሆናችሁ «የኛ ሜሲ!» ስትሉት ልጁ ደካማ እግሩን መሞከር ያቆማል። ሜሲ ሆኖ እንዴት በደካማ እግሩ ይሳታል?

«ኳስ በራሱ ልጅን ጨዋ ያደርጋል»

ቢሆንማ ፕሮፌሽናል ሊጎች የዲሲፕሊን ኮሚቴ ባላስፈለጋቸው። ኳስ ቆዳና አየር ነው፤ ጠባዩ የሚመጣው ከሚያጫውተው ሰው ነው። ብሩስ ኦጊልቪና ቶማስ ቱትኮ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ስፖርተኞችን ለዓመታት ካጠኑ በኋላ በ1971 እ.ኤ.አ. «ስፖርት ጠባይ ያንጻል» ለሚለው አባባል ማስረጃ አላገኘንም ብለው ጽፈዋል። እኔ ግን ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። የታዳጊዎች ውድድር ምዝገባ ቀን ብቅ ማለት ይበቃል።

«ስንት ዓመትህ ነው?» ይባላል ልጁ። «13» ይላል፣ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ምላጭ ያለፈበት ልጅ። መልሶም ያመጣውን ሰው ያያል፣ በደንብ አልኩት ወይ ብሎ። ወረቀቱም ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከእግር ኳስ የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት መዋሸት ነው፤ ያስተማሩትም አባቱና አሰልጣኙ ተባብረው ነው። ከዚያ በኋላ «ፌር ፕሌይ» የሚል ባነር ይዞ ፎቶ ይነሳል። ነገሩ እዚያ አያበቃም። ከእሱ ፊት የቆመው እውነተኛ የ13 ዓመት ልጅ በትከሻ ተገፍቶ ሲወድቅ የሚደመድመው «እኔ አልችልም» ብሎ ነው፤ ሁለት ዓመት እንደተሰረቀ ማን ይነግረዋል? ዋሽቶ የገባውም ቢሆን ያሸነፈው በዕድሜ እንጂ በችሎታ እንዳልሆነ ያውቃል። ብሔራዊ ቡድን ደርሶ ከ17 ዓመት በታች ሲመረጥ ደግሞ የአጥንቱን ዕድሜ የሚያሳይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ይጠብቀዋል፤ ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያው የዓለም ዋንጫ የጀመረው ምርመራ ነው። አጥንቱ እንደ ወረቀቱ አይዋሽም።

አንድ ጊዜ የኔ ልጅ (ተጫዋቼን ማለቴ ነው) «ዳኛ፣ የወጣው በኔ ነው» ብሎ ኳሱን ለተጋጣሚ ሰጠ። ከመስመር ውጭ የቆመ አጎቱ «ማን ጠየቀህ አንተ!» አለው። እረፍት ላይ በሁሉም ፊት አመሰገንኩት፤ አጎቱንም ለብቻው አናገርኩት። ጠባይ የሚገነባው እንዲህ ባለች ቅጽበት ላይ ያለው ትልቅ ሰው ከማን ጋር እንደቆመ ልጁ ሲያይ ነው።

«ጎበዙ በልጅነቱ ይለያል፣ ሌላውን መሸኘት ነው»

በ10 ዓመት «ጎበዝ» የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተወለደው ነው። የውድድር ዕድሜ የሚቆረጠው በፈረንጆች ጥር 1 ቀን ነው። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. ጥር የተወለደና በ2006 ዓ.ም. ኅዳር የተወለደ ልጅ (ሁለቱም በፈረንጆች 2013 ነው) በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ አሥር ወር ይበላለጣሉ። በአውሮፓ የታዳጊ ብሔራዊ ቡድኖች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከድርሻቸው በላይ እንደሚመረጡ ደጋግመው አሳይተዋል። የኅዳሩ ልጅ ደካማ ሳይሆን ታናሽ ነው፤ እኛ ግን «አትሆንም» ብለን ቤቱ እንልከዋለን፤ እሱም ያምነናል።

ኖርዌዮች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጆች ስፖርት ደንብ አላቸው፤ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ልጆች 11 እስኪሞላቸው ድረስ የውጤት ሰንጠረዥ አይወጣም፣ አገር አቀፍ ሻምፒዮናም ከ13 ዓመት በፊት የለም። «እንዲህ እያሉ ምን ያፈራሉ?» የሚለኝ ካለ፣ ኖርዌያዊው አጥቂ ኤርሊንግ ሃላንድ ብሪን በምትባል ትንሽ ከተማ ወደ 40 ከሚጠጉ የሰፈሩ ልጆች ጋር አብሮ ነው የሠለጠነው፤ ደካማው ሳይባረር።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

«ዓይናፋር ልጅ ለኳስ አይሆንም።» ዓይናፋሩ ብዙ ጊዜ ሜዳውን ከሁሉም በላይ የሚያነበው ነው። መጀመሪያ ኮን እንዲደረድር፣ ቀጥሎ ማሟሟቂያውን እንዲመራ አድርጉት፤ ንግግር በኋላ ይመጣል።

«የማይችለው በረኛ ይሁን።» ከዚያ አምስት ጎል ሲገባበት ትስቁበታላችሁ። በልጆች ጨዋታ በረኝነት በተራ ነው።

«ካፒቴን ጎል የሚያገባው ነው።» የኔን ልጆች እየቀያየርኩ ነው የምሾማቸው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ካፒቴን የነበረም አለ።

«ሴት ልጅ ምን ታደርጋለች ኳስ?» ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ተጫውታ ጎል ስታዘንብ የት ነበራችሁ?

«ልጄ ሲሸነፍ ካላለቀሰ ቁጭት የለውም።» የ9 ዓመት ልጅ ተሸንፎ ብርቱካኑን እየላጠ ቢስቅ ጤነኛ ነው። አልቅሶ የሚያድረው አባቱ ከሆነ ግን እንነጋገር።

«ታኬታ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት ነው፣ ያድግበታል»

ይህኛው ስለ ጠባይ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ነው። ጫማው ውስጥ እግሩ የሚዋልል ልጅ ኳስ ማቆም አይችልም፣ ዞሮ መሮጥ አይችልም፣ ይወድቃል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እሱም ጥፋቱ የእግሩ ይመስለዋል። በቡድኔ ውስጥ «ፈዛዛ» ይባል የነበረ ልጅ ከጓደኛው በልኩ የሆነ አሮጌ ሸራ ጫማ ተውሶ በተጫወተበት ቀን ሌላ ሰው ሆነ። ገንዘቡ ካጠራችሁ ያገለገለ፣ ግን በልኩ የሆነ ግዙለት። ስትገዙም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሲውን አጥልቆ ይለካ፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ከአውራ ጣታችሁ ስፋት በላይ ክፍተት ካለ መልሱት።