ጥሮፊሞስን ታሞ ተውሁት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ፣ በሰላምታው መሀል፣ ብዙዎቻችን ሳናስተውላት የምናልፋት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። በቃ፣ ይኸው ነው። ለምን ታመመ? ለምን አልዳነ? ምንም አይልም።

አሁን ልብ በሉ። ጥሮፊሞስ የኤፌሶን ሰው ነው (ሐዋ. 21፥29)። ኤፌሶን ደግሞ ከጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ ሳይቀር ድውያን የተፈወሱባት ከተማ ናት (ሐዋ. 19፥12)። ያገሩ ሰዎች በጨርቅ ዳኑ። እሱ የሐዋርያው የጉዞ ጓደኛ ሆኖ ሳለ ታሞ ቀረ። ጳውሎስ «እምነቱ ጎድሎ ነው» አላለም። «የደበቀው ኃጢአት ቢኖር ነው» አላለም። ታሞ ተውሁት አለና አለፈ።

ይህችን ቃል የምወዳት ያለ ምክንያት አይደለም። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የሚባል ሕመም አለብኝ። የሰውነት መከላከያ የራሱን ሰው እንደ ጠላት ቆጥሮ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን ያጠቃል። የኤሌክትሪክ ገመድ ፕላስቲኩ ሲላጥ እንደማለት ነው፤ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። በዓለም ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ ሴቶች ላይም ይበዛል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ስለሚበረክት አገር ቤት ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ በምኖርበት ስዊድን ግን እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ላይ ይነሣና ይበርዳል። አንዳንዱን እንደያዘ ይቀራል። የእኔ እንደያዘ የቀረው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ስገባ እግሬ ምንጣፉን በቅጡ አያውቀውም። ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜ መጸለይ አልችልም፤ ዓይኔ ካላየ እግሬ መሬቱ የት እንዳለ አይነግረኝምና ወደ ጎን እሄዳለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ መቋሚያዬን ጨብጬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ነው «አቡነ ዘበሰማያት» የምለው። (መጨፈን ግዴታ አለመሆኑ፣ ተመስገን!) ሕዝቡ በዝቶ፣ ጧፉ በርቶ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ እይታዬ ይደበዝዛል። የተላጠ ነርቭ ሙቀት አይችልም። ወጥቼ ስቀዘቅዝ ይመለስልኛል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ድካሙ ነው። ተኝተው ቢነሡ የማይለቅ ድካም። ከውጭ አይታይም፤ «ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ይሉኛል።

ስለ ድካም ካነሣን ነቢዩ ኤልያስን ማለፍ አይቻልም። ከሰማይ እሳት ያስወረደው ሰው ብዙም ሳይቆይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገ. 19)። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። «ምን ነካህ? ተነሥና ጸልይ እንጂ» አላለውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ዝም አለው፤ ሲደግም ቀስቅሶ አበላው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና። ከሰዓት በኋላ ጋደም የምትል በሽተኛ እንግዲህ ለምን ሰነፍ ትባላለች?

ፈውስ አንለምን ማለቴ አይደለም። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የተባለው ከለመነ በኋላ ነው። ጸበል እጠመቃለሁ፣ እምነት እቀባለሁ፣ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ተጽፏል። «ጸበል ከጀመርሽ ኪኒኑን ተዪ» የሚላችሁን ሰው፣ ክብሩ እንደተጠበቀ፣ አትስሙት። የኤም ኤስ መድኃኒት ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ መድኃኒት እየወሰድንም፣ እየጸለይንም ምልክቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። ጾሙንና ስግደቱን ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ከበሽተኛ የማይችለውን አትጠይቅም።

ጤነኞች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ተሻለሽ?» የምትሉን ከፍቅር ነው፣ እናውቃለን። ግን «አልተሻለኝም» ስንል ፊታችሁ ይቀየራል። ያኔ እናንተን ላለማሳዘን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ብትሉን ይቀለናል፤ ስለ ዛሬ የምንመልሰው አናጣም። በቅዳሴ መሀል ስንቀመጥ ዞር እያላችሁ አትዩን። በር አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ፣ አንድ ወንበር ያዙልን። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ክንዳችሁን አቀብሉን። የምንችልበት ቀን ከሆነ እንነሣለን። ካልሆነም ተቀምጠን «እግዚኦ ተሠሃለነ» ብለን እንመልሳለን።